ቅራሪ ለንደን ገባች

እኩዮቼ፣ ቅራሪን ታስታውሷታላችሁ? ዋናው ጠላ ተጠልሎ ካለቀ በኋላ ጋኑ ውስጥ በቀረው አተላ ላይ ውኃ ተቸልሶበት፣ አንድ ሌሊት አድራ የምትወጣዋን፣ ቀጠን ብላ ኮምጠጥ የምትለዋን፣ ከትምህርት ቤት እየሮጥን መጥተን ደብተራችንን ሳናስቀምጥ ከበሩ ጀርባ ካለው እንስራ በቅል እየጨለፍን ጉሮሯችንን የምናርስባትን ቅራሪ? እንግዲያው የምሥራች ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ለንደን፣ ልጄ ቤት አገኘኋት። ጠርሙስ ውስጥ ገብታ፣ ቆርኪ ደፍታ፣ ባለቀለም ወረቀት ለብሳ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆማለች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቿን ጠርታ ነበር። እኔ ዶሮውን ሠራሁ፣ እሷ እንጀራውን ከሐበሻ ሱቅ ገዛች፤ ቤቱ ሞቅ ሲል "እማ፣ ቢራ እንደማይስማማሽ አውቃለሁ፤ ይቺን ግን አንዴ ቅመሻት" ብላ አንዲት ጠርሙስ ከፈተችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን ባነበው፣ የአልኮሉ መጠን 2.1 በመቶ ይላል። እኛ አገር የምናውቀው የጠርሙስ ቢራ አምስት በመቶ ግድም እኮ ነው፤ ይቺ ግማሹንም አትሞላ! "ምንድን ነች ደግሞ?" አልኳት። "ስሞል ቢር ነው የምትባለው፤ ትንሿ ቢራ እንደ ማለት ነው" አለችኝ። እዚያው ለንደን በርመንድዚ በሚባል ሰፈር፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ሥራ የጀመረ አንድ አነስተኛ ጠመቃ ቤት አለ፤ ስሙም ስሞል ቢር፣ ሥራውም ስሞል ቢር። ከ2.8 በመቶ የበለጠ አልኮል ያለው ቢራ አይጠምቅም። ላገር የሚሉት 2.1፣ ስቲም የሚሉት 2.7፣ ጥቁሩ ደግሞ አንድ በመቶ ብቻ!

ልጄ ታሪኩን ቀጠለች። በጥንት ጊዜ እንግሊዞች አንዱን ብቅል አንዴ ጠምቀውበት አይደፉትም ነበር። የመጀመሪያው ውኃ ጠንካራውን ቢራ ይዞ ይወጣል፤ በተረፈው ብቅል ላይ እንደገና ውኃ ይጨመርና ትንሿ ቢራ ትወጣለች፤ እሷን ደግሞ ሠራተኛውም፣ የቤት አገልጋዩም፣ ልጁም ከምግቡ ጋር ይጠጣታል። እኔ ከዚህ በላይ ላስጨርሳት አልቻልኩም። "ውይ! ይቺማ ቅራሪ ነች!" ብዬ አጨበጨብኩ። ቤቱ በሙሉ ወደኔ ዞረ። እነዚያ ለንደን ያደጉ ልጆች "ቅራሪ ምንድን ነች?" ብለው ከበቡኝና እስከ እኩለ ሌሊት አወራኋቸው። ለእነሱ ያወራሁትን ነው እንግዲህ ለእናንተ የምደግመው፤ እናንተ ደግሞ ሳልጨርሰው ትጨርሱልኛላችሁ።

ደብረ ብርሃን ያደጋችሁ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ገብሱንም ታውቁታላችሁ። በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቤታችን መልኩን ይለውጥ ነበር፤ እማዬ ገብሱን አበጥራ፣ ለቅማ፣ አንድ ሌሊት በውኃ ዘፍዝፋ፣ ጠዋት አጠንፍፋ በኮባ ቅጠል ትጠቀልለውና ድንጋይ ትጭንበታለች፤ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሁሉ ቅጠሉን ገለጥ እያደረግን እያየን፣ "አትንኩት፣ ይበርደዋል!" እየተባልን፣ በሦስተኛው ቀን ገብሱ ነጫጭ ጢም አብቅሎ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ተቋጥሮ ሲወጣ የሚሰማን ደስታ ከበዓሉ ዋዜማ አይተናነስም ነበር። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ዶሮ እንድንጠብቅ እንታዘዛለን። ዶሮ ጠባቂዎቹ እኛ፣ ብቅል ቆርጣሚዎቹም እኛ! ጣፋጭነቱ ዛሬም ምላሴ ላይ ነው። ከረሜላ በእጁ ላልገባ ልጅ ከረሜላው ብቅል ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ እዚያችው ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤልጅጉ ቡርትማልት የብቅል ፋብሪካ አቁሞባታል። ሐበሻም ዳሽንም የቢራ ፋብሪካቸውን ተክለውባታል። ያኔ ብቅል በኮባ ቅጠል፣ ዛሬ ብቅል በፋብሪካ! ያኔ "እሽ!" የሚል ልጅ፣ ዛሬ ሙቀትና እርጥበት የሚጠብቅ መሣሪያ! ያኔ አንድ ቁና፣ ዛሬ በከባድ መኪና! ሥራው ግን ያው ሦስቱ ነው፤ መዘፍዘፍ፣ ማብቀል፣ ማድረቅ። እማዬ ብታየው "ድንጋዩ የታለ?" ብላ ትጠይቃቸው ነበር።

የጌሾው ወቀጣስ ትዝ ይላችኋል? ጎህ ሲቀድ የዘነዘናው ድምፅ ከየግቢው ይሰማል፤ አንዱ ቤት ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ ማን ለበዓል እንደሚጠምቅ ለመንደሩ ሁሉ የሚያውጀው እሱ ነበር። የጌሾ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ስንቱን ሲያስነጥሰው ይውል ነበር! ዛሬ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ባልትና ቤት መደርደሪያ ላይ ይጠብቃችኋል። ያኔ ዘነዘና፣ ዛሬ መቀስ! እንግሊዞቹም የራሳቸው ጌሾ አላቸው፤ ሆፕ ይሉታል። እሱም እንደ ጌሾ መጠጡን መረር ያደርገዋል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ቅጠሉ ሌላ፣ ብልሃቱ አንድ!

ከሁሉ በላይ ግን እንኩሮው። እማዬ ዱቄቱን ውኃ ረጨት ረጨት አድርጋ ታሸዋለች፤ ከዚያ ሰፊው ምጣድ ላይ ታደርግና በቀስታ ታምሰዋለች፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ የተቆላ ቡና ሊመስል ሲል ከምጣዱ ታወጣዋለች። ጭሱ ጣሪያውን አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያሸታል። እኛ ከምጣዱ ዳር የፈለሰችውን ትኩስ እንኩሮ በጣታችን ለቀም እናደርጋለን፤ ትፋጃለች፣ ግን ማን ይተዋታል! የጠላው ጥቁረት ከዚያ ነው የሚመጣው። ለንደን ላይ ያቺን አንድ በመቶ የሆነችውን ጥቁር ቢራ አፌ ሳደርስ ምን ሸተተኝ መሰላችሁ? የእማዬ ምጣድ! ጥቁር ቢራም እኮ ጥቁረቱን የሚያገኘው እሳት ከነካው ገብስ ነው። ስድስት አሥርት ዓመት ወደ ኋላ መልሳ፣ እንኩሮ የለቀምኩበት ምጣድ ዳር አስቀመጠችኝ።

ጋኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነበር። በግራዋ ቅጠል ውስጡ እስኪጮኽ ይታጠባል፤ ከዚያ ወይራና ጥንጁት ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ በጭሱ ላይ ይደፋበታል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ በሸክላው ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ እማዬ ጋኑን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ሆዱ መጥገቡን በድምፁ ታውቅ ነበር። ጋኑ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ኀዘንስ! መንደሩ ሁሉ "እግዜር ይተካው" ለማለት ይመጣ ነበር። ዛሬ ጠላው በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ይጠመቃል፤ ቢወድቅ አይሰበር፣ ቢገፉት አይከብድ፣ ለማጠቡም ሰው አይጨነቅ! ለሠርግ የተጠመቀ ጠላ በሃይላንድ ተሞልቶ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር በታክሲ ይመጣል። በጋን ጊዜ ይህን ማን ያስብ ነበር? ጋን በአህያ ተጭኖ ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ እስቲ በዓይናችሁ ይታያችሁ!

አሳላፊውንስ ልተወው? ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይመጣና፣ ከመቅዳቱ በፊት ወደ ራሱ መዳፍ ጠብ አድርጎ ፊታችን ይቀምሳል። "ንጹሕ ነው፣ እኔ ቀድሜ ቀመስኩት" ማለቱ ነው። ከዚያ ጣሳው እስኪገነፍል ይሞላል፤ ሳይገነፍል ከቀረማ ባለቤቷ "ምነው፣ ንፉግ ቤት አደረግከኝ!" ብላ ትቆጣዋለች። ዛሬ ምስክርነቱን የጠርሙሱ ወረቀት ይሰጣል፤ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት በመቶ አልኮል እንዳለው፣ እስከ መቼ እንደሚጠጣ ተጽፎበታል። ያኔ መዳፍ፣ ዛሬ ወረቀት! ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ "እመኑኝ፣ ጠጡ።" ጠላችን ስንት በመቶ እንደሆነ ያኔ ማን ያውቅ ነበር? ዛሬ ተለክቷል፤ የተለመደው የቤት ጠላ ከሁለት እስከ አራት በመቶ፣ ፊልተር የምንለው ጠንከር ያለው ደግሞ ከአምስት እስከ ስድስት። እዩት እንግዲህ! የእናቶቻችን ተራ ጠላ ከፈረንጁ ትንሽ ቢራ ጋር ትከሻ ለትከሻ ኖሯል። ቅራሪማ ከዚያም ዝቅ ትላለች።

አሁን ወደ ቅራሪ ልመለስ፤ የዛሬው ጨዋታዬ ባለቤት እሷ ነች። ቅራሪ የማን መጠጥ ነበረች? የእረኛው፣ የእንጨት ፈላጩ፣ ደቦ የወጣው ገበሬ፣ የልጆቹ። ዋናው ጠላ ለእንግዳና ለበዓል ነው፤ ቅራሪ ለጥምና ለሥራ። ለእንግዳ ቅራሪ ማቅረብ ነውር ነበር፤ "ቅራሪ አጠጣችኝ" የተባለች ሴት ስሟ እስከሚቀጥለው መስቀል ቀና አይልም ነበር። አሁን ልጄን እዩአት፤ እንግዳ ጠርታ፣ ጠረጴዛ አልብሳ፣ ቅራሪን በረጅም ብርጭቆ በክብር አቀረበች! ከበር ጀርባ ከነበረው እንስራ ተነሥታ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠች። እልል በሉላት!

ቅራሪን በደንብ የሚያውቋት ግን የእማዬ ጓደኞች ነበሩ። ቀትሩ ዘንበል ሲል፣ አራትና አምስት ሆነው ደጃፋችን ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ባዘቶ በጭናቸው፣ እንዝርት በእጃቸው፣ ጣሳ በጎናቸው። እንዝርቱ ይሾራል፣ ፈትሉ ይረዝማል፣ ወሬው ደግሞ ከፈትሉም ይረዝማል። አንዷ ጎንበስ ብላ ጣሳዋን ታነሣለች፣ ፉት ትላለች፣ ታስቀምጣለች፣ እንዝርቷን እንደገና ጭኗ ላይ ታሾራለች። ከቀትር እስከ ማታ እንዲህ ሲጠጡ ይውሉና ክሩ አንዴ እንኳ አይበጠስም፤ ልቃቂቱ አሎሎ እያከለ ይሄዳል። ጠንካራ ጠላ የጠጣ እጅ እንዝርት አያሾርም፤ ቅራሪ የጠጣ እጅ ግን ያሾራል። ማታ ተነሥተው እራት ይሠራሉ፣ ከብት ያስገባሉ፣ ልጅ ያስተኛሉ።

እንግሊዞቹ እንዲህ ያለውን ቀለል ያለ ቢራ "ሴሽን" ይሉታል አለችኝ ልጄ። ትርጉሙን ብጠይቃት፣ ሰብሰብ ብሎ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ እየተጫወቱ የሚጠጣ ማለት ነው አለች። ታዲያ በእኛ ቋንቋ ምን ልንለው ነው? የጨዋታ ቢራ! ዋናው ጨዋታው ነው፤ ቢራው አጃቢ። የእማዬ ጓደኞች ቃሉን ሳይሰሙ ነገሩን ኖሩበት። ያኔ እንዝርት፣ ዛሬ ስልክ! ያኔ ከብት ማስገባት፣ ዛሬ ጠዋት ባቡር መያዝ! የልጄ ጓደኞችም እኮ ቀላሏን የመረጡት ለዚያው ነው፤ አንዷ ነገ ሆስፒታል ገቢ ናት፣ አንዱ ማለዳ ሩጫ አለው፣ ሌላዋ መኪና ትነዳለች፤ ወሬው ግን እንዲያጥር ማንም አልፈለገም።

አሠራሩ ግን ተለውጧል፤ እሱንም ልጄ አስረዳችኝ። የዛሬዋ ትንሽ ቢራ እንደ ጥንቷ ከተረፈ ብቅል አትወጣም፤ ከመጀመሪያውም ለራሷ ተብሎ ነው የምትጠመቀው። ብቅሉ ይቀነሳል፤ እርሾው የሚበላው ስኳር ሲያንስ አልኮሉም ያንሳል። ቅራሪ የተረፈ ነገር ልጅ ነበረች፣ ዛሬ የራሷ ጋን ተሰጣት! መንግሥታቸውም ወዷታል፤ እንደ ፈረንጆቹ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ከ3.5 በመቶ በታች አልኮል ያለው ቢራ ከጠንካራው ዝቅ ያለ ቀረጥ ነው የሚከፍለው።

እኛስ አገር ቀላል መጠጥ ከእማዬ እንስራ ጋር አብሮ ጠፋ? ኧረ የት ጠፍቶ! ቀሪቦን አስቡ። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና እርሾ ይጨመርበትና በማግስቱ ይጠጣል። ሠርግ ሲኖር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንዳይቸገሩ የቀሪቦው እንስራ ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ግን ከጠላው ይልቅ ቀሪቦው ጋ ነበር የምንሰለፈው። ዛሬ ደግሞ ሶፊ ማልትን የመሰለ አልኮል የሌለው ጠርሙስ በየሱቁ አለ፤ ያኔ ቀሪቦ በእንስራ፣ ዛሬ ማልት በሳጥን! ብርዝስ? ማር በውኃ ተበጥብጦ፣ ገና ጠጅ ሳይሆን፣ ለልጅም ለሽማግሌም። ጎንደሬዎቹ ኮረፌ፣ ደቡቦቹ ቦርዴና ሻሜታ፤ አገሩ ሁሉ ቀለል ያለ መጠጥ የየራሱ ነበረው፤ ዛሬም አለው።

በጠርሙሱ ቢራ በኩል ያለው ለውጥማ ያስቃል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ግን ቢራ ገና የባለሱፍ ኮት መጠጥ ነበር። አባቴ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ቁጥር ቢራ የጠጣበትን ቤት ስም እየጠራ ይተርክልን ነበር፤ ቆርኪውን ለእኛ ያመጣልናል፣ እኛም በሚስማር በስተን የጋሪ ጎማ እናደርገዋለን። ሴት ልጅ በአደባባይ ቢራ ከያዘች መንደሩ ሁሉ ጥርሱን ይነክስ ነበር። ዛሬ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በመቶኛውን እያነበቡ ይመርጣሉ! ደግሞ ያኔ ዕድሜ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ዛሬ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያም ቀርቷል። ጥሩ ተደረገ። የልጅ ልጆቼ ቀሪቧቸውን ይጠጡ፣ ቅራሪዋ ትጠብቃቸዋለች።

የጠላ ቤቱ ምልክት ትዝ ይላችኋል? ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ። ሌላ ጽሕፈት የለ፣ መብራት የለ፤ ማንበብ የማይችለውም ይገባዋል፤ ጣሳው ከተሰቀለ ጠላ ደርሷል፣ ከወረደ አልቋል። ዛሬ ልጄ አዲስ ጠመቃ መድረሱን በስልኳ ታያለች። ያኔ ጣሳ በእንጨት፣ ዛሬ መልእክት በስልክ! የልጄን ጓደኞች ስለዚያ ጣሳ ስነግራቸው አንደኛው ተነሥቶ ባዶዋን ጠርሙስ የመጥረጊያ እንጨት ላይ ደፍቶ በረንዳው ላይ አቆማት። ለንደን ላይ፣ በሦስተኛ ፎቅ፣ የእኛ ጠላ ቤት! እንዴት እንደሳቅን አትጠይቁኝ። ሌሊቱ ሲጋመስ አንድም ሰው አልሰከረም፤ ወሬውም አላለቀም።

እንግዲህ እኩዮቼ፣ አንድ አደራ አለኝ። መጪው በዓል ሲደርስ ጠላ የምትጠምቁ፣ በጋንም ሆነ በበርሜል፣ ጠላው ሲያልቅ አተላውን ለመድፋት አትቸኩሉ። ውኃ ቸልሱበት፣ አንድ ሌሊት ይደር፣ በማግስቱ ጎረቤት ጥሩ። የምታቀርቡት ቅራሪ መሆኑንም አትደብቁ፤ ስሟን ጠርታችሁ ቅዱላቸው።